የጠቆረው ፉጋ፦ የእናቴ ግቢ የድንጋይ ንጣፍ ጥገና ማስታወሻ

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ንጣፉ ያለው እናቴ ቤት ነው፣ ጉለሌ። ከሳሎኑ በር እንደተወጣ 7 ሜትር በ4 ሜትር፣ 28 ካሬ። ድንጋዩ የአምቦ ነው። ቢጫና ቡናማ የተደባለቀበት፣ እያንዳንዱ በየራሱ ቅርጽ የተቀመጠ። በድንጋዮቹ መካከል ያለው የሲሚንቶ መስመር፣ ግንበኞች ፉጋ የሚሉት፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። የዛሬ 11 ዓመት ሲሠራ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነበር።

ዘንድሮ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲመጣ ሳየው ደነገጥኩ። በአሸንዳው መውረጃ በኩል ፉጋው አረንጓዴና ጥቁር ሆኗል። በውሃ ታንከሩ በኩል ነጭ ዱቄት የነሰነሱበት ይመስላል። መሀል ላይ፣ ከአምስት ዓመት በፊት የተጠገነው ቦታ፣ ጭቃ መስሏል። ድንጋዩ ራሱ ምንም አልሆነም። ግን ፉጋው ግቢውን በሙሉ አስረጅቶታል።

እማዬ ቡና የምታፈላው እዚህ ነው። ለእንቁጣጣሽ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ሳይነሳ ሦስት ቀን ካፊያ ወረደበት። ቄጠማው ሲነሳ ቅርጹ ፉጋው ላይ ቀርቷል። ክር ክር የሚል፣ ቡናማ ሆኖ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ መስመር። ሦስት ጊዜ በላርጎ ፈተገችው፤ አልለቀቀም።

አንድ ኮንትራክተር መጥቶ አየና "ሙሉውን ነቅሎ እንደገና ማንጠፍ ነው" አለ። 95,000 ብር። እኔ ደግሞ እሱ ከሄደ በኋላ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በመዶሻ እጀታ መታ መታ እያደረግኩ አዳመጥኩ። ከሁለቱ በቀር ባዶ ድምፅ የሚሰጥ የለም። ስለዚህ ድንጋዩ አይነቀልም። የሚሠራው ፉጋው ነው።

ጥቅምት 6

ከመፈተጌ በፊት ቀለሙ ከምን እንደመጣ ማወቅ ፈለግኩ። ንጣፉን በጠመኔ በአንድ በአንድ ካሬ ከፋፍዬ ከ1 እስከ 28 ቁጥር ሰጠሁ። እያንዳንዱን ደረቅ ሳለም፣ ውሃ ረጭቼበትም በስልክ ፎቶ አነሳሁ። ይህ ሥራ ሁለት ሰዓት ፈጀ። በኋላ ግን እንደዚህ ፎቶ የጠቀመኝ ነገር የለም።

ከዚያ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ሙከራ ጀመርኩ። ጥቁሩና አረንጓዴው ላይ በረኪና ጠብ አደረግኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ነጣ። ሕይወት ያለው ነገር ነው ማለት ነው፤ አልጌና ሻጋታ። መሀል ላይ ባለው ቡናማ ቦታ ላይ በረኪናው ምንም አልለወጠም። እሱ የድብልቁ የራሱ ቀለም ነው። በታንከሩ በኩል ያለው ነጭ ደግሞ ውሃ ሲነካው ጠፋ፤ ሲደርቅ ተመልሶ መጣ። ይህ ጨው ነው።

ነጩ ነገር እንዲህ ነው የሚፈጠረው። ሲሚንቶ ሲጠነክር በውስጡ የሚሟሟ ኖራ ይቀራል። ፉጋው ውስጥ ውሃ ሲዘዋወር ኖራውንና ሌሎች ጨዎችን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ውሃው ሲተን ጨው ላዩ ላይ ይቀራል። ኖራው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጥና በውሃ የማይታጠብ ስስ ቅርፊት ይሆናል። ስለዚህ ነጭ ካለ ከሥሩ ውሃ አለ። ይህን ዛሬ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌው ነበር። ትርጉሙ የገባኝ ግን ከወር በላይ ቆይቶ ነው።

ጥቅምት 10

በአረንጓዴው ጀመርኩ። አንድ ጣሳ በረኪና ለአራት ጣሳ ውሃ። የጎማ ጓንትና መነጽር (400 ብር)፣ ባለ 5 ሊትር በረኪና (300 ብር)። አጠገቡ ያሉትን ጽጌረዳዎች አስቀድሜ በደንብ አጠጣሁ፤ ቅጠላቸውም እንዲርስ አደረግኩ፤ በረኪና ቢፈናጠር እንዳያቃጥላቸው። ፉጋው ላይ ቀብቼ ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ። ከዚያ ፈትጌ በብዙ ውሃ አለቀለቅኩ። በረኪናም ራሱ ጨው ይተዋል፤ ማለቅለቁን መቆጠብ አያስፈልግም።

ከአሸንዳው ሥር ያሉት ስድስት ካሬዎች ጥርት አሉ። የቄጠማውም ክር ከሞላ ጎደል ለቀቀ። እማዬ ወጥታ አይታ "እንዲህ ከሆነማ ሁሉንም እንዲሁ አድርጊዋ" አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። እኔም ደስ አለኝ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ስህተት ሠራሁ። የናይለኑ ብሩሽ ጥጉ ላይ አልደርስ ሲለኝ በ150 ብር የሽቦ ብሩሽ ገዛሁና ካሬ 3 እና 4ን በእሱ ፈተግኩ። ውጤቱን ከታች ጽፌዋለሁ።

ጥቅምት 17

አሲድ። አንድ ጎረቤት "ለነጩ አሲድ ነው መድኃኒቱ" አለኝ። ለመጸዳጃ ቤት የሚሸጠውን፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሆነውን፣ አንድ ሊትር በ120 ብር ገዛሁ። በረኪና የነካውን ቦታ አልነካሁም። ሁለቱ ከተገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሰው ይገድላል። ባልዲውም ብሩሹም የየራሳቸው ይሁኑ።

የአበባ ማሰሮ በሚሸፍነው ጥግ፣ ካሬ 28 ላይ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ብቻ ሞከርኩ። አሲዱን ውሃው ውስጥ ጨመርኩ እንጂ ውሃውን አሲዱ ላይ አላፈሰስኩም። ያን አውቅ ነበር። ያላወቅኩት ፉጋው አስቀድሞ በውሃ መጥገብ እንዳለበት ነው። ደረቅ ፉጋ አሲዱን እንደ ስፖንጅ ሳበው። ፈላ፤ አረፋው ሲበርድ ነጩ የለም። ሲደርቅ ግን ፉጋው ቢጫ ሆነ፤ የእርድ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል። አሲዱ በሲሚንቶውና በአሸዋው ውስጥ ያለውን ብረት አውጥቶ ነው። ጣቴን ሳሳልፍበት ሻከረኝ። ላይኛው የሲሚንቶ ቆዳ ተበልቶ የአሸዋው ጥራጥሬ ፈጦ ወጥቷል። እንዲህ የሻከረ ፉጋ ደግሞ ቆሻሻ የበለጠ ይይዛል። አጠገቡ ያለው የአምቦ ድንጋይ ጠርዝም የጣት ስፋት ያህል ወደ ዝገት አድልቷል። ድንጋዩ ራሱ ብረት አለበት።

ቤኪንግ ሶዳ በውሃ አሟሙቼ አፈሰስኩበት፤ ከዚያ በውሃ ደጋግሜ አጠብኩት። መብላቱን አቆመ። ቢጫው አልሄደም። የቀረውን አሲድ ለዚህ ሥራ ዳግም አልከፍተውም።

ጥቅምት 26

ሁለት ቀን ያልታሰበ ካፊያ ነበር። ዛሬ ጠዋት ካሬ 3 እና 4 ላይ ቀይ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። ጎንበስ ብዬ በጥፍሬ ነካሁት። አይነሳም። አንዱን በመርፌ ጫፍ ፈለቀቅኩት፤ ቀጭን የሽቦ ስባሪ ነው። የሽቦ ብሩሹ ሲፈትግ ጥርሶቹ እየተሰበሩ ፉጋው ውስጥ ገብተዋል። ዝናቡ ሲመጣ ዛጉ።

ከሰዓት በኋላ ሙሉውን በመርፌና በወረንጦ ስለቅም ዋልኩ። ሰባ ምናምን ስባሪ አወጣሁ። የቀረው የዝገት ነጥብ ነው። ለእሱ ሎሚ ተጠቀምኩ። አንድ ኪሎ ሎሚ፣ 150 ብር። ፉጋውን አስቀድሜ በውሃ አርሼ፣ ነጭ ጨርቅ በሎሚ ጭማቂ ነክሬ አነጠፍኩበት፤ እንዳይደርቅ በፌስታል ሸፈንኩት። ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ታጠበ። ሦስት ዙር ካደረግኩ በኋላ አብዛኛው ደበዘዘ። ሎሚም አሲድ ነው፤ ሲሚንቶ ይበላል። ስለዚህ ከሃያ ደቂቃ አላሳለፍኩም፤ በየዙሩ መሀልም አንድ አንድ ቀን አሳረፍኩት።

ሽቦ ብሩሽ ፉጋ ላይ አይሆንም። ናይለን ብቻ። ሁለት ጥሩ ናይለን ብሩሽ ገዛሁ፣ 360 ብር።

ኅዳር 8

አሁን ወደ ነጩ። ካሬ 5፣ 6፣ 12፣ 13 እና 19፤ ከታንከሩ ማቆሚያ ጀምሮ እንደ ምላስ ወደ መሀል የሚዘልቅ ነው። በደረቁ ጠረግኩት፤ የወጣውን ዱቄት በመጥረጊያና በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቤ ከንጣፉ አወጣሁት። ውሃ አላፈሰስኩበትም። በውሃ ብታጥበው ጨው ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። ንጹሕ ሆነ።

በአራተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። እንደገና ጠረግኩ። እንደገና መጣ። ዝናብ የለም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ አፈሩ ተሰነጣጥቋል። ታዲያ ውሃው ከየት ነው?

ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ካሬ 12 ላይ ዘርግቼ ጠርዙን ዙሪያውን በደረቅ አሸዋ ጫንኩት። ሌላ እኩያውን ካሬ 23 ላይ፣ ነጭ በሌለበት ቦታ። ከማታ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ቆየ። ጠዋት ሳነሳው የካሬ 23ቱ ፕላስቲክ ደረቅ ነው። የካሬ 12ቱ ከሥሩ ላብ አውጥቷል፤ ጠብታው ይንከባለላል። ውሃው ከላይ አይደለም የሚመጣው። ከሥር ነው።

ኅዳር 15

ነጩ መጀመሪያ ተመልሶ ከመጣበት ቀን ጀምሮ በየቀኑ ጠዋት መጨመር አለመጨመሩን በስልክ እመዘግብ ነበር። ሁለት ሳምንት ከመዘገብኩ በኋላ መልሱን የሰጠኝ የቀኑ ስም ነው። የሚጨምረው ሐሙስና እሑድ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው።

ማክሰኞ ሌሊት ባትሪ ይዤ ተነሳሁ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ታንከሩ ሞልቷል። ሲሞላ ውሃውን መዝጋት ያለበት ፍሎተር አልዘጋም፤ የሚዘጋበት ጎማ (ጎሚኒው) አልቋል። ትርፉ ውሃ በትርፍ ውሃ መውጫው ቱቦ ይወርዳል። የቱቦው ጫፍ ደግሞ ቦይ ውስጥ አይደለም የገባው። ከታንከሩ ማቆሚያ ሥር፣ ከንጣፉ ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ አፈር ውስጥ ነው የተቀበረው። ማን እንዲህ እንዳደረገው አላውቅም። እዚያ ቆሜ ሰማሁት፤ ከድንጋዩ ሥር ቁር ቁር የሚል ድምፅ። በሳምንት ሁለት ሌሊት ንጣፉ ከሥር ይጠጣ ነበር። ስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ።

እዚያው ሌሊት ለእማዬ ልነግራት ቸኮልኩ፤ ቀሰቀስኳት። "ለውሃው ነው እንዲህ የተነሳሽው?" አለችኝ። ከዚያ ጋቢዋን ደርባ ወጥታ እሷም አዳመጠችው።

አዲስ ፍሎተር፣ 650 ብር። ቱቦውን ቆፍሬ አወጣሁ፤ በክርን መታጠፊያና በአራት ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ወደ ቦዩ አዞርኩት። የአሸንዳውን መውረጃም በዚያው አጋጣሚ አብሬ አስረዘምኩ፤ እሱም ንጣፉ ላይ ነበር የሚተፋው፤ አልጌውን የሚመግበው እሱ ነው። ለሁለቱም ቱቦ 850 ብር። የአቮካዶውን ዝቅ ያሉ ሦስት ቅርንጫፎች ቆረጥን። ከአሸንዳው ሥር አሁን የረፋዱ ፀሐይ ይደርሳል።

ተዳፋቱንም ለካሁ። ብርሃን በሚያሳልፍ ቀጭን ጎማ ውሃ ልክ ሠራሁ። ጥሩ ንጣፍ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ዝቅ ማለት አለበት። የእኛ አብዛኛው 1.2 ሴንቲ ነው። ካሬ 1 እና 2 ላይ ግን ዜሮ ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ይጎደጉዳል። ባዶ ድምፅ የሰጡት ሁለቱ ድንጋዮች እዚያ ናቸው።

ታኅሣሥ 6

ሦስት ሳምንት ሆነ። አዲስ ነጭ አልወጣም። ውሃ በመጣ ማግስትም የለም። የቀረው አሮጌው ቅርፊት ነው። ለእሱ አቼቶ ተጠቀምኩ፤ ከቤት የተገኘ ስለሆነ ወጪ የለውም። አንድ ለአምስት በውሃ፣ ፉጋውን አስቀድሜ አጥግቤ። እንደ አሲዱ አልፈላም፤ ቀስ ብሎ ፊጭ ፊጭ አለ። በናይለን ብሩሽ ፈትጌ አለቀለቅኩ። አንዳንዱ ቦታ ሁለት ጊዜ ያስፈልገዋል። ቢጫ አላመጣም።

አንድ የቀለም ሱቅ ባለቤት ድንጋዩን በቫርኒሽ እንድሸፍነው መክሮኝ ነበር። ያብረቀርቃል፤ ብዙ ቤት አይቼዋለሁ። ከቤት በተረፈ ቫርኒሽ ካሬ 19 ላይ አንድ ክንድ ያህል ሞከርኩ። በሳምንቱ ከሥሩ ወተት የመሰለ ደመና ሠራ። ከሥር ገና ያልደረቀ እርጥበት ስላለ መውጫ አጣ። በቲነር አነሳሁት። ቫርኒሽ የለም።

ታኅሣሥ 10

የመጨረሻው መሀሉ ነው፤ ያ ጭቃ የመሰለው ጥገና። እሱ አይታጠብም። ድብልቁ ራሱ ነው የተበላሸው። ነቅሎ እንደገና መሙላት ነው። ከቢጫው ጥግና ከተሰነጠቁት ጋር ሲደመር 40 ሜትር ያህል ፉጋ ይሆናል።

ግንበኛ አመጣሁ። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ በድንጋይ ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተዋል። በመጀመሪያ አሮጌውን ጥገና በመሮ ፈልቅቀው በጣታቸው ፈረከሱት። "ልጄ፣ ይሄ አሸዋ አልታጠበም" አሉኝ። "አፈር ነው የተሞላው።"

ከግቢ ውጭ የተከመረውን፣ ልገዛው የነበረውን አሸዋ ፈተንኩ። ጎኑ ቀጥ ያለ ብርጭቆ ውስጥ አሸዋ ጨምሬ፣ ውሃ ሞልቼ፣ ትንሽ ጨው ነስንሼ፣ በደንብ ወዝውዤ አስቀመጥኩት። ከሰዓታት በኋላ ከታች 60 ሚሊ ሜትር አሸዋ፣ ከላዩ 7 ሚሊ ሜትር ደለል። ከ11 በመቶ በላይ ነው። የኢትዮጵያ ደረጃ ደለሉ ከ6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይጣል ይላል። በሳፋ ሁለቴ አጠብኩት። ሁለተኛ ስለካ 58 ለ2 ሆነ። አሁን ይሆናል። በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊትም ነፋሁት። ሁለት ባልዲ፣ 200 ብር።

ቀለም ማመሳሰል ከባዱ ሥራ ነው። ሲሚንቶ ከፋብሪካ ፋብሪካ፣ አንዳንዴም ከምርት ምርት ቀለሙ ይለያያል። አሸዋውም እንዲሁ፣ በተለይ ደቃቁ። ስለዚህ ከአሮጌው ጤነኛ ፉጋ አንድ ቁራሽ ሰበርኩ። የሚመሳሰለው ከተሰበረው የውስጥ ገጽ ጋር ነው፤ ላዩማ የ11 ዓመት አቧራና ፀሐይ ያየ ነው።

አራት ናሙና አቦካሁ። መለኪያዬ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው። የሃይላንድ ጠርሙሶችን ታች ታቹን ቆርጬ እዚያ ውስጥ ሞላኋቸው። አንደኛው ሲሚንቶና አሸዋ ብቻ፣ አንድ ለሦስት። ሁለተኛው ኖራ የተጨመረበት። ሦስተኛው ከሦስቱ የአሸዋ ጣሳ አንዱ በእብነ በረድ ዱቄት የተተካ። አራተኛው እንደ ሦስተኛው ሆኖ ትንሽ ቢጫ የቀለም ዱቄት ያለበት። የቀለም ዱቄት ከሲሚንቶው ክብደት ከ10 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ እኔ 2 በመቶ ነው ያደረግኩት። እብነ በረድ ከሚቆርጡበት ቤት አንድ ከረጢት ዱቄት 300 ብር። ሲሚንቶው ፒፒሲ የሚባለው፣ ፖዞላና (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት) የተቀላቀለበት፣ 50 ኪሎ በ1,100 ብር። የሚያስፈልገኝ 12 ኪሎ ያህል ብቻ ነው፤ ግን አንድ ከረጢት ገዛሁ፣ ሁሉም ከአንድ ምርት እንዲሆን።

እርጥብ ሳሉ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ጥቁር ግራጫ። መፍረድ አይቻልም። ይደር።

ታኅሣሥ 24

ሁለት ሳምንት ደረቁ። አሮጌውን ቁራሽ መሀላቸው አስቀምጬ ፀሐይ ላይ አየኋቸው፤ ከዚያ ጥላ ላይ። አንደኛው ጠቁሯል። ሁለተኛው ነጥቷል፤ ላዩ ላይም ትንሽ ጨው አውጥቷል። አራተኛው ያምራል፤ ግን ብቻውን ነው የሚያምረው፤ ከአሮጌው ጋር አይሄድም። ሦስተኛው ነው። እማዬን ጠርቼ የትኛው አሮጌው እንደሆነ ሳልነግራት አሳየኋት፤ ሦስተኛውን አነሳች።

እማዬ ለገና እንዲያልቅ ፈልጋ ነበር፤ አይደርስም። በእነዚህ ሁለት ሳምንት ግን ፉጋውን ነቅዬ ጨርሻለሁ። በመሮና በትንሽ መዶሻ፣ በቀን ሦስት ሜትር። ጥልቀቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል። ግራይንደር ይፈጥናል፤ ጋሼ ግን ከለከሉኝ። ዲስኩ አንዴ ካመለጠ የድንጋዩን ጠርዝ ይቆርጣል፤ የተቆረጠ ድንጋይ አይመለስም። እጄ ውኃ ቋጥሯል፤ ግን አንድም ጠርዝ አልተነካም።

ጥር 2 እና 3

ሙሊት። ጋሼ ሁለት ቀን፣ በቀን 1,500 ብር። ገንዘቡ ተገቢ ነው፤ ያስተማሩኝ ከሠሩት አይተናነስም።

ማታውን ፉጋው የተነቀለበትን ቦይ በሙሉ ጠርገን ውሃ አጠጣነው። ጠዋት ስንመጣ ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ ግን የጠገበ ነው። ደረቅ ቢሆን ከአዲሱ ድብልቅ ውሃውን ይመጠዋል። ውሃ ቋጥሮ ከሆነ ደግሞ ድብልቁ ይቀጥናል፤ ሲደርቅም ይነጣል። ውሃውንም በጣሳ ለካን፤ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ዓይነት። አንዱ ዙር ከቀጠነ ቀለሙ ይለያል።

ካዙላ፣ የግንበኛ ማንኪያ፣ ድንጋዩን ያቆሽሻል። ጋሼ ወፍራም ፌስታል አውጥተው ድብልቁን ሞሉበት፤ አንዱን ጫፍ ቆርጠው እንደ ኬክ ክሬም ፉጋው ውስጥ ጨመቁት። ድንጋዩ ላይ አንድ ጠብታ አልወደቀም። ይህን ከየት እንደተማሩ ስጠይቃቸው "ከልጆቼ ልደት" አሉኝ።

ማለስለሱ ጊዜ አለው። አውራ ጣት ሲጫኑት አሻራ የሚቀርበት፣ ግን ጣት ላይ የማይጣበቅበት ሰዓት። ከዚያ በፊት ካለሰለሱት ውሃና ሲሚንቶ ወደ ላይ ይወጣና ይነጣል። በጣም ከዘገየ፣ በተለይ በብረት ከታሸ፣ ይጠቁራል። እኛ በፌሮ ፈንታ ቁራጭ ፒቪሲ ተጠቀምን።

ስህተቱ የእኔ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጋሼ ምሳ ሊበሉ ሲሄዱ ካሬ 14ን ብቻዬን ሞላሁ። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ነበር። ግማሹ ፀሐይ ላይ፣ ግማሹ የቤቱ ጥላ ውስጥ ነው። በፀሐይ ያለው ቶሎ ደርቆ ስደርስበት ጠንክሯል፤ በግድ አሸሁት። አሁን መሀሉ ላይ ቀጥ ያለ ድንበር አለ፤ በአንድ በኩል ጥቁር፣ በአንድ በኩል ፈዛዛ። ጋሼ መጥተው አዩት። "ፀሐይ ሲበረታ አይሠራም፤ ወይ ሸራ ይወጠራል" አሉ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩኝም። በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምረን 4 ሰዓት ላይ አቆምን። ከዚያ 10 ሰዓት ላይ ቀጠልን።

ጥር 10

ሰባት ቀን ውሃ አጠጣሁ፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በመርጫ፣ እንደ ጤዛ። ፒፒሲ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ችኮላ አይወድም። በሁለት መስመር ጣውላ አስቀምጬ ከላዩ ፕላስቲክ ዘረጋሁ። ፕላስቲኩ ፉጋውን መንካት የለበትም፤ የነካበት ቦታ ነጠብጣብ ይሆናል። ጋሼ ኬሻም አታንጥፊበት ብለውኝ ነበር፤ እርጥብ ኬሻ ቡናማውን ቀለም ይለቃል። ልክ ናቸው፤ በረንዳው ላይ ለሙከራ ያስቀመጥኩት እርጥብ ኬሻ ሲሚንቶው ላይ የሻይ ቀለም ትቷል።

ነገ ጥምቀት ነው። እማዬ ከታቦት ስትመለስ ቡናው እዚህ ይፈላል። ረከቦቱ ሥር ትሪ እንድታደርግ ተስማምተናል። ቄጠማም ይጎዘጎዛል፤ ማታውን ግን ይነሳል።

እስካሁን ያወጣሁት፦ ጋሼ 3,000፣ ሲሚንቶ 1,100፣ ቱቦ 850፣ ፍሎተር 650፣ የቀረው ብሩሹ፣ በረኪናው፣ አሲዱ፣ ሎሚው፣ አሸዋው፣ የእብነ በረዱ ዱቄት፣ ጓንቱና መነጽሩ ነው። በድምሩ 7,580 ብር። ከዚህ ውስጥ ያለ ጥቅም የወጣው 270 ብር ነው፤ የአሲዱና የሽቦ ብሩሹ።

መጋቢት 5

ዛሬ የበልጉ የመጀመሪያ ጠንከር ያለ ዝናብ ጣለ፤ አርባ ደቂቃ ያህል። ጃንጥላ ይዤ ቆሜ አየሁ። የአሸንዳው ውሃ በአዲሱ ቱቦ ቦይ ገባ። በታንከሩ በኩል ምንም አልቋጠረም። ካሬ 12 ዝናቡ ባቆመ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ ሌላው ደረቀ።

አዲሱ ፉጋ ከአሮጌው ገና ትንሽ ይጠቁራል፤ በሁለት ወር ውስጥ ግን ብዙ ቀርቧል። እንግዳ አይለየውም፤ እኔ እለየዋለሁ። የካሬ 14 ድንበር ግን አለ፤ ርሶ ሲደርቅ ጎልቶ ይታያል። ቢጫው ጥግ ተነቅሎ ስለተሞላ የለም፤ የዛገው የድንጋይ ጠርዝ ቀርቷል፤ ማሰሮው ይሸፍነዋል።

ካሬ 1 እና 2 ላይ ውሃው ቆሟል፤ የጣት ግማሽ ያህል ጥልቀት። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይም አልደረቀም። ጥጉ ላይ፣ በጣም ስጠጋ፣ ፉጋው አረንጓዴ መምሰል ጀምሯል። በረኪና አላፈስበትም። ለጋሼ ደወልኩላቸው። ከፋሲካ በኋላ መጥተው ሁለቱን ድንጋዮች እናነሳለን፤ ከሥራቸው ሞልተን 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ እናደርጋለን። ከከረጢቱ የተረፈውን ሲሚንቶ እርጥበት እንዳያገኘው በሁለት ፌስታል አስሬ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እስከዚያ ከጓጎለ ግን አዲስ ይገዛል፤ ናሙናውም እንደገና ይሠራል።